«ቤቶች!» ሳይሉ ሰማይ መግባት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ቡና ለሚጠጣ ሰው አውሮፕላን ብርቅ አይደለም። ድምፁን ሰምቶ ቀና ይላል፣ ያያል፣ ወደ ስኒው ይመለሳል። እኔ ግን እንደዚያ በቀላሉ አላልፈውም። ውጭ አገር ሳለሁ ትንሽ አውሮፕላን ማብረር ተምሬያለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ቡና ላይ፣ ሳላስፈቅድ የማይገባበት ሰማይ ውስጥ ገብቼ እንደማውቅ አምልጦኝ አወራሁ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱም፣ ባጃጅ ነጂውም፣ ፓይለት መሆን የሚመኙት የሰፈር ልጆችም ባገኙኝ ቁጥር ይጠይቁኛል። አንድ ነገር ከመደጋገም ጽፌ ልገላገል።

ሰማይ ላይ አጥር አለ እንዴ?

ይህን የጠየቁኝ ጎረቤታችን እማማ ናቸው፤ ጀበናውን ከከሰሉ ላይ እያነሱ። አጥር የለም እማማ። መስመር ግን አለ። ችግሩ መስመሩ የሚታየው ካርታ ላይ ብቻ መሆኑ ነው።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የአየር ክልልን ከ«ኤ» እስከ «ጂ» በ7 ደረጃ ይከፍለዋል። ከ«ኤ» እስከ «ኢ» ያሉት ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው። «ኤፍ» እና «ጂ» ነጻ ናቸው። በዓይኑ እያየ የሚበር የትንሽ አውሮፕላን ፓይለት «ኤ» ውስጥ ጭራሽ ቦታ የለውም። «ቢ»፣ «ሲ» እና «ዲ» ውስጥ የሚገባው አስፈቅዶ ነው። «ኢ» ውስጥ ግን ቁጥጥር ያለበት ቢሆንም በዓይን ለሚበር ሰው ፈቃድ አይጠየቅም። አዎ፣ ግራ ያጋባል። ተማሪዎችን ፈተና ላይ የሚጥለውም ይኸው ነው።

ታወር (የበረራ መቆጣጠሪያ ማማ) ባለው ኤርፖርት ዙሪያ ከመሬት የሚነሳ የቁጥጥር ዞን አለ። ዓለም አቀፉ ደንብ አውሮፕላን ለማረፍ በሚመጣበት አቅጣጫ ዞኑ ከኤርፖርቱ መሀል ቢያንስ 9.3 ኪሎ ሜትር እንዲረዝም ያዛል። ከእሱ በላይ ደግሞ ሰፋ ያለ ክልል ይደረብበታል። የጥምቀትን ዣንጥላ አስቡት። እጀታው መሬት ይነካል፣ ጨርቁ ከላይ ይዘረጋል። ከጨርቁ ሥር ሆናችሁ ዝቅ ብላችሁ ብታልፉ ማንም አይጠይቃችሁም። ትንሽ ከፍ ካላችሁ ግን ገብታችኋል።

9.3 ኪሎ ሜትር ብዙ ይመስላል። ከባሕር ዳር ማኮብኮቢያ እስከ ዘጌ በቀጥታ መስመር ብትለኩት ከዚህ ብዙም አይበልጥም። ሴስና ለምትባለው ትንሽ አውሮፕላን የ3 ደቂቃ መንገድ ነው።

ራዲዮ ላይ ስሜን ከተናገርኩ አይበቃም?

አይበቃም። ሰው ቤት ስትሄዱ በር ላይ ቆማችሁ «ቤቶች!» ትላላችሁ። ከውስጥ «ማነው?» ይባላል። «ቆይ፣ መጣሁ» ሊባልም ይችላል። ይህን ሰምታችሁ ዘው አትሉም። «ግቡ» እስኪባል ትጠብቃላችሁ። ውሻ ያለበት ግቢ ከሆነማ የበለጠ ትጠብቃላችሁ።

ሰማዩም እንደዚያ ነው። ታወሩን ጠርታችሁ «ስታንድባይ» ከተባላችሁ «ቆይ፣ መጣሁ» ተባላችሁ ማለት ነው። ክሊራንስ የሚባለው «ግቡ» ነው። እስኪመጣ ድረስ ከመስመሩ ውጭ ሆናችሁ ትዞራላችሁ። ነዳጅ ይቃጠላል፣ ይቃጠል።

አሜሪካ የተማሩ ልጆች እዚህ ላይ ይከራከሩኛል፤ እውነትም አላቸው። እዚያ «ሲ» እና «ዲ» ክልል ውስጥ ለመግባት ተቆጣጣሪው የአውሮፕላናችሁን መጠሪያ ጠርቶ ከመለሰላችሁ ይበቃል። መጠሪያውን ጠርቶ «ስታንድባይ» ቢልም መግባት ትችላላችሁ። «ቢ» ላይ ግን እዚያም ቢሆን «ግቡ» የሚለውን ቃል በጆሯችሁ መስማት አለባችሁ። በዓለም አቀፉ ደንብ ደግሞ ሦስቱም ክሊራንስ ይፈልጋሉ። ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲኬድ ሰው የሚሳሳተው እንዲህ ባለ ነገር ነው።

ሰው እንዴት ሳያውቅ ይገባል? አይታየውም?

አይታየውም። ምሳሌ ልስጥ። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በአንዲት ሴስና 172 እንነሳ። በአየር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ110 ኖት (በሰዓት 204 ኪሎ ሜትር ገደማ) ፍጥነት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በግራ የፎገራ ሜዳ፣ በቀኝ ጣና። እዚህ ማን ይጠፋል?

እንግዲህ ከጎን የ15 ኖት ንፋስ ጨምሩበት። ፓይለቱ ካላረመው በግማሽ ሰዓት ውስጥ 7.5 ኖቲካል ማይል ይገፋዋል። 14 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አፍንጫው ትክክለኛውን አቅጣጫ እያመለከተ አውሮፕላኑ ጎን ለጎን ይንሸራተታል። ታንኳ ውስጥ ተቀምጦ ንፋስ የመታው ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ፊቱን ወደ ወደቡ አዙሮ ይቀዝፋል፣ የሚደርሰው ግን ሌላ ቦታ ነው።

ቀጥሎ ጭጋግና ጭስ አለ። በበጋ አቧራው ሲነሳና ማሳ ሲቃጠል ሐይቁና ሰማዩ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። አድማሱ ይጠፋል። ውሃው ጸጥ ካለ ደግሞ ከታች ያለው ውሃ ይሁን ሰማይ መለየት ያስቸግራል። እንዲህ ባለ ቀን የዘጌን ልሳነ ምድር ደሴት ነው ብሎ መሳሳት ብርቅ አይሆንም። አንዱን ምልክት የሳተ ሰው ደግሞ የሚቀጥለውን ከስህተቱ ጋር እንዲስማማለት አድርጎ ያነበዋል። «ይሄ እንግዲህ ደቅ ደሴት ነው» ይላል። አይደለም።

ከፍታው የራሱ ጣጣ አለው። የባሕር ዳር ኤርፖርት ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 6,000 ጫማ ገደማ ላይ ነው። መሣሪያው 7,500 ሲል ከሐይቁ በላይ ያላችሁት 1,500 ጫማ ብቻ ናችሁ። ቆላ የተማረ ሰው 7,500 ሲያይ ሰማየ ሰማያት የደረሰ ይመስለዋል። መሣሪያው ደግሞ የዕለቱ የአየር ግፊት ካልተሞላለት ይዋሻል። በ10 ሄክቶፓስካል ከተሳሳታችሁ ወደ 300 ጫማ ይዛባል። የዣንጥላውን ጨርቅ ለመቅደድ ይህ በቂ ነው።

ሞቃት ቀን ሲሆንም ችግር አለ። በዚህ ከፍታ 30 ዲግሪ ሲሞቅ አየሩ ስለሚሳሳ ትንሿ አውሮፕላን 9,000 ጫማ ላይ እንዳለች ሆና ነው የምትሠራው። ከፍ በይ ስትሏት ታቃስታለች። ከክልሉ በላይ አልፋለሁ ብሎ ያቀደ ሰው መሀሉ ላይ ይደርሳል።

አንድ የእኛ የብቻችን ወጥመድ ደግሞ አለ፦ ሰዓት። አቪዬሽን የሚሠራው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። አንድ ክልል ከ06:00 ጀምሮ ዝግ ነው የሚል ማስታወቂያ ከወጣ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 6 ሰዓት መስሎት የሚቸኩል አለ። 06:00 እዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ቀላሉ ዘዴ በሀበሻ ሰዓት ላይ 3 መደመር ነው። ቀን 1 ሰዓት 04:00 ነው፣ ቀትር 6 ሰዓት 09:00 ነው። እኔ ሁለት ሰዓት አስሬ ከመዞር ይህቺን ስሌት እመርጣለሁ።

አንተስ እንዴት ገባህ?

ትምህርቱን ልጨርስ ትንሽ ሲቀረኝ ነው። ብቻዬን ነበርኩ። ፊት ለፊቴ ደመና አየሁና በግራ በኩል ልዞረው ወሰንኩ። ጥሩ ውሳኔ ነበር። ካርታው ጉልበቴ ላይ ነው፤ ኮክፒቷ ጠባብ ስለሆነች አራት ቦታ አጥፌዋለሁ። የክልሉ መስመር የወደቀው ልክ እጥፋቱ ላይ ነበር። ከእጥፋቱ ወዲያ ያለውን ገጽ አላየሁትም።

የአካባቢውን ተቆጣጣሪ ፍሪኩዌንሲ ከፍቼ አዳምጣለሁ፤ ልጠራው ግን ገና ነኝ እያልኩ። ተቆጣጣሪው ደጋግሞ አንድ ሰው ይጠራል። «ከኤርፖርቱ በስተደቡብ 6 ማይል፣ 1200 የምታሳይ አውሮፕላን፣ ከፍታ 3,400» ይላል። 1200 እዚያ አገር በዓይን የሚበር ሁሉ የሚሞላው የትራንስፖንደር፣ ማለትም አውሮፕላኑን ራዳር ላይ የሚያሳውቀው መሣሪያ፣ ቁጥር ነው። ስለዚህ ማንም ሊሆን ይችላል። «ያ ምስኪን ማን ይሆን?» አልኩ በሆዴ። ከዚያ ዓይኔ ከፍታ መለኪያው ላይ አረፈ። 3,400።

ቀጥሎ የሠራሁት ነው የሚያሳፍረኝ። መናገሪያውን አልተጫንኩም። አንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብዬ በረርኩ። ፈርቼ ብቻ አልነበረም፣ ይሉኝታም ይዞኝ ነበር። ሁሉም ሰው ይሰማል። አስተማሪዬ ይሰማል። ቀስ ብዬ ብወጣ ማንም አያውቅም ብዬ አሰብኩ። ተቆጣጣሪው እኮ ከፍታዬን እያነበበልኝ ነው!

ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብህ?

መናገር። ወዲያው።

መጀመሪያ አውሮፕላኑን በቀጥታ ያዙት። ደንግጦ በድንገት መታጠፍ ከመግባቱ የባሰ ሊሆን ይችላል፤ ተቆጣጣሪው ሌሎቹን ያዞራቸው እናንተ ቀጥ ብላችሁ ትሄዳላችሁ ብሎ ነው። ከዚያ መጥራት ነው፦ መጠሪያችሁን፣ ያላችሁበትን፣ ከፍታችሁን፣ «ሳላስፈቅድ የገባሁ ይመስለኛል» የሚለውን። የት እንዳላችሁ ካላወቃችሁ «አላውቅም» በሉ። ይህቺ ቃል የምትከብደው ለእኛ ብቻ አይደለም፣ ለፓይለት ሁሉ ትከብዳለች። ተቆጣጣሪው ግን ከሰበብ ሁሉ አብልጦ የሚፈልጋት እሷን ነው። ከሰማ የትራንስፖንደር ቁጥር ይሰጣችሁና ያገኛችኋል፣ ወይም የምታዩትን ይጠይቃችኋል። «በቀኜ ሐይቅ፣ ከፊቴ ድልድይ» ማለት ራሱ አድራሻ ነው።

የማንን ፍሪኩዌንሲ መጥራት እንዳለባችሁ ከጠፋባችሁ 121.5 አለ። በዓለም ሁሉ የአደጋ ጊዜ ፍሪኩዌንሲ ነው። እንግሊዝኛዬ ይሰናከላል ብሎ መዘግየት አያስፈልግም። ደንበኛው የራዲዮ አነጋገር ከጠፋ በተራ ቃል መናገር ይቻላል።

ትራንስፖንደር ማጥፋት ግን ፈጽሞ አይሞከርም። አንዳንዱ ከራዳር ልሰወር ብሎ ያደርገዋል። ያኔ ሌሎቹ አውሮፕላኖች ላይ ያለው የግጭት ማስጠንቀቂያም አያያችሁም።

ይህን ያህል አደገኛ ነው? ሰማዩ ሰፊ አይደለም?

ሰፊ ነው። ኤርፖርት አጠገብ ግን ሁሉም ወደ አንድ ማኮብኮቢያ ነው የሚጎርፈው።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 31 ቀን 1986 ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ሴሪቶስ በተባለ ሰፈር ላይ፣ ፓይፐር አርቸር የምትባል አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሳታስፈቅድ ቁጥጥር ያለበት ክልል ውስጥ ገባች። ለማረፍ ዝቅ እያለ ከነበረ የኤሮሜክሲኮ አየር መንገድ ዲሲ-9 መንገደኛ ጫኝ ጄት ጋር ተጋጨች። በዲሲ-9ኙ 64፣ በፓይፐሯ 3፣ መሬት ላይ ደግሞ በቤታቸው ሳሉ 15 ሰዎች ሞቱ። የፓይፐሯ ትራንስፖንደር ከፍታ የሚናገር አልነበረም። አሜሪካ ትልልቅ መንገደኛ ጫኝ አውሮፕላኖች የግጭት ማስጠንቀቂያ መሣሪያ እንዲገጥሙ ያስገደደችው ከዚያ በኋላ ነው።

ለባሕር ዳር ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ላስታውስ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከዚሁ ከተማ ሲነሳ የእርግብ መንጋ ገባበት። ሁለቱም ሞተሮች ተጎዱ። ፓይለቶቹ ለመመለስ ሞከሩ፣ ሞተሮቹ ከዱ፣ አውሮፕላኑ ጎማ ሳይዘረጋ መሬት ላይ ወደቀ። ከ104 ሰው 35ቱ ሞቱ። ትልልቆቹ ያስታውሱታል። ነገሩ ከአየር ክልል ጥሰት ጋር አይገናኝም። እኔ ግን ያን ዞን ሳስብ ይህ ነው የሚመጣብኝ። ሞተር እየከዳው የሚዞር አውሮፕላን ለማንም መንገድ አይለቅም፣ አይችልምም። ያ ሰማይ ባዶ የሚጠበቀው ለእንዲህ ያለ ደቂቃ ጭምር ነው።

ተዋጊ ጄት ይመጣል?

ተራ የኤርፖርት ዞን ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይመጣም። የተከለከለ ክልል ከሆነ ግን ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 11 ቀን 2005 አንዲት ሴስና 150 ዋሽንግተን ላይ ተሳስታ ገብታ ኋይት ሀውስና የምክር ቤቱ ሕንፃ ሰው እንዲወጣባቸው ተደርጓል። ኤፍ-16ም ተነስቶባታል። ከሴስናዎች ሁሉ ትንሿ ናት ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ጄቱ ከመጣ ከፊት ለፊት በስተግራ ይታያችኋል፣ ክንፉን ያወዛውዛል። «ተከተለኝ» ማለቱ ነው። እናንተም ክንፋችሁን አወዛውዛችሁ ትከተላላችሁ፣ 121.5 ላይ ትናገራላችሁ፣ ሌላ ካልተባላችሁ ትራንስፖንደሩን 7700 ታደርጋላችሁ። እንዳይተኩሱብን ለሚለው፦ እ.ኤ.አ. በ1983 የኮሪያ መንገደኛ ጫኝ አውሮፕላን 269 ሰው ይዞ በሶቪየት ጄት ከተመታ በኋላ፣ በ1984 የቺካጎው ስምምነት በሚባለው ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ውል ላይ በበረራ ላይ ባለ ሲቪል አውሮፕላን ላይ መሣሪያ ከመጠቀም መቆጠብን የሚያዝ አንቀጽ ተጨምሯል።

ፓይለቱ ይታሰራል?

ሆን ብሎ ካልሆነ እስር የተለመደ አይደለም። ጉዳዩ የመንጃ ፈቃድ ነገር ነው። እኛ አገር የፓይለት ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው፣ ማገዱም መሰረዙም በእሱ በኩል ነው።

አሜሪካ ውስጥ የምወደው አሠራር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የጠፈር ድርጅቱ ናሳ ከፓይለቶች በምስጢር ሪፖርት ይቀበላል። ሳያውቅ ያጠፋ ሰው በ10 ቀን ውስጥ የሆነውን በዝርዝር ከላከ፣ ጥፋቱ በኋላ ቢረጋገጥበትም ፈቃዱ አይታገድም፣ አይቀጣምም። ሆን ተብሎ የተሠራ፣ ወንጀልና የአውሮፕላን አደጋ ግን አይካተቱም። ለምን ናሳ? የሚቀጣው ሌላ፣ የሚሰማው ሌላ እንዲሆን። ተቀጪው ለቀጪው እንዲናዘዝ ከመጠበቅ ይህ ይሻላል። ንስሐ አባትና ዳኛ አንድ ሰው ቢሆኑ ማን ይናዘዛል?

ጂፒኤስ እያለ ይህ ሁሉ ለምን?

ጂፒኤስ በጣም ይረዳል፣ ተጠቀሙበት። ግን ካርታው ያልታደሰ ሊሆን ይችላል፣ ታብሌቱም በፀሐይ ግሎ ይጠፋል። ደግሞ መስመሩን ታክኮ ለመብረር ያደፋፍራል። እንግሊዞች ለፓይለቶቻቸው ከመስመሩ በጎን 2 ማይል፣ በከፍታ 200 ጫማ ራቁ ብለው ይመክራሉ። እኔም እንደዚያው።

ራዲዮው ቢበላሽስ?

ገና ካልገባችሁ አትግቡ። ትራንስፖንደሩን 7600 አድርጉት፤ ራዲዮ የለኝም ማለት ነው። ከታወሩ የሚመጣ የብርሃን ምልክትም ተከታተሉ። ቋሚ አረንጓዴ «እረፍ» ነው፣ ቋሚ ቀይ «ቅድሚያ ስጥ፣ ዙር» ነው።

የሠርግ ድሮንስ? እሱም ይቆጠራል?

ይቆጠራል እንጂ! ሐይቁ ዳር ሙሽሮች ሲቀረጹ አይቻለሁ፣ ያምራል። ግን እኛ አገር ድሮን ያለ ፈቃድ አይበርም። ኤርፖርት አቅራቢያ ደግሞ ድሮን ትራንስፖንደር የለው፣ ራዲዮ የለው። ፓይለቱ የሚያየው ሲደርስበት ነው። ካሜራማኑን ፈቃዱን ጠይቁት።

ተቆጣጣሪው ተቆጣህ?

ይህኛውም የእማማ ጥያቄ ነው። ያን ጊዜ በመጨረሻ መናገሪያውን ተጫንኩ፣ መጠሪያዬን ተናገርኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። «አየሁህ፣ ወደ ምዕራብ ዙር» አለኝ፤ ሌላ ምንም አላለም። ከክልሉ ስወጣ «ለመጻፍ ዝግጁ ስትሆን ንገረኝ» አለና ስልክ ቁጥር አነበበልኝ። ካረፍክ በኋላ ደውል ማለት ነው። ቁጥሩን የጻፍኩት ያቺው ካርታ ጠርዝ ላይ ነው። እስካሁን አለች።

ደወልኩ። የት እንደተማርኩ፣ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ስለ እጥፋቱ ነገርኩት፣ ሳቀ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «ብትጠራኝ እኮ አስገባህ ነበር። ያን ሰዓት ሌላ ሰው አልነበረኝም።»

እማማ ስኒዬን ተቀብለው በረካውን ቀዱ። «ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሃል?» አሉኝ።